ስለ እንዶድ ኃይልና ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ

በካርቱም ከተማ በምሥራቅ በኩል አል-ማንሺያ የሚባለው ሰፈር በዓባይ ዳር ይገኛል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ፣ የጎጃምን ምድር ዙሮ፣ በቤኒሻንጉል በኩል ወደ ሱዳን ከወረደ በኋላ በዚህ ሰፈር አጠገብ ሲያልፍ፣ ከነጭ ዓባይ ጋራ ወደሚገናኝበት ወደ አል-ሙቅረን ለመድረስ የሚቀረው ጥቂት ኪሎሜትር ብቻ ነው። በክረምት የውኃው መልክ ይደፈርሳል፤ የሚደፈርሰውም ከኢትዮጵያ ደጋ ተጠርጎ በሚወርደው አፈር ነው። ከአል-ማንሺያ ቀጥሎ ባለው በጅሬፍ ጡብ ሠሪዎች ይህንኑ ደለል እየዛቁ ጡብ ሲተኵሱ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ስለዚህ ከካርቱም ቤቶች ብዙዎቹ ከጎጃምና ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ በሄደ አፈር የተሠሩ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውኃው የሚያገናኘው ግን አፈሩን ብቻ አይደለም። በዓባይና በገባሮቹ አጠገብ የሚኖረው ሕዝብ፣ በላይም ሆነ በታች፣ ከጥንት ጀምሮ የሚካፈለው አንድ በሽታ አለ፤ እርሱም ቢልሃርዝያ ነው። በሽታውን የሚያመጣውን ትል በ1851 እ.ኤ.አ. በካይሮ ከተማ የሬሳ ምርመራ ሲያደርግ ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ የጀርመን ሐኪም ስለሆነ በስሙ ይጠራል። ትሉ እንዴት ወደ ሰው ሰውነት እንደሚገባ ግን ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቈይቶ፣ በ1915 እ.ኤ.አ. ሌይፐር የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ በግብፅ ባደረገው ምርመራ በውኃ ውስጥ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ አስተላላፊ መሆኗን አረጋገጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው በወንዝ ዳር ሲጸዳዳ፣ ወይም በሁለተኛው ዓይነት በሽታ የተያዘው ሰው በውኃ ውስጥ ሲሸና፣ የትሉ ዕንቍላል ከውኃው ይገባል። ዕንቍላሉም ተፈልፍሎ በዓይን የማትታይ ዕጭ ትወጣለች። ይህች ዕጭ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የምትስማማትን ቀንድ አውጣ ካላገኘች ትሞታለች፤ ካገኘች ግን ከሥጋዋ ገብታ ትራባለች፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ከአንዲት ቀንድ አውጣ በሺህ የሚቈጠሩ ጅራታም ዕጮች ወደ ውኃው ይወጣሉ። እነዚህም የሚዋኘውን ልጅ፣ ልብስ የምታጥበውን ሴት፣ መስኖ የሚያጠጣውን ገበሬ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ወግተው ይገባሉ። ሰው ውኃውን ባይጠጣም እግሩን ማስገባቱ ብቻ ይበቃል። ትሎቹ አድገው በሆድ ዕቃ ደም ሥሮች ውስጥ ዓመታት ይኖራሉ፤ የሚጥሉት ዕንቍላልም አንዱ ክፍል በጕበት እየቀረ ጕበትን ያቈስላል፤ በመጨረሻም ሆድ ውኃ ቋጥሮ ይነፋል። በሽታው በአንድ ቀን የሚገድል ስላልሆነ ብዙ ሰው አይፈራውም። ነገር ግን ልጅን ያደክማል፤ ትምህርቱን ያስተወዋል፤ ገበሬንም ከሥራው ያጐድለዋል።

ቀንድ አውጣዋ ፈጣን ውኃ አትወድም። የምትኖረው ውኃው ዝግ ብሎ በሚሄድበት፣ ቄጠማና አረም በበቀለበት፣ በቦይና በኩሬ ዳር ነው። ስለዚህም ሰው ለእርሻ የቈፈረው ቦይ ሁሉ ለእርሷ የተዘጋጀ ቤት ይሆናል። ለዚህ ታላቁ ማስረጃ የሱዳን ጀዚራ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. የሰናር ግድብ ተፈጽሞ የዓባይ ውኃ በቦይ ወደ ጥጥ እርሻው ሲለቀቅ፣ በዚያ ሜዳ ቢልሃርዝያ ጥቂት ነበር። ቦዮቹ በዝተው፣ ሠራተኛም ከየአገሩ ተሰብስቦ በቦዩ ዳር ሲሰፍር በሽታው እየተስፋፋ ሄዶ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ በጀዚራ ከተመረመረው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ተይዞ ተገኘ። በኢትዮጵያም በአዋሽ ሸለቆ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ የታየው ከዚህ የተለየ አይደለም። ልማት ለሕዝብ እንጀራ ሲያመጣ በሽታም አብሮ እንዳይመጣ አስቀድሞ ማሰብ የሚያሻው ስለዚህ ነው፤ ይሁን እንጂ ቦዩን የሚነድፈው መሐንዲስና ሐኪሙ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ስለ ቢልሃርዝያ ሕክምና በሚነገረው ታሪክ ውስጥ የካርቱም ከተማ ስም ሁለት ጊዜ ይነሣል። የመጀመሪያው በ1918 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዘመን የካርቱም ሆስፒታል ኃላፊ የነበረው ዶክተር ክሪስቶፈርሰን፣ አንቲሞን የተባለውን ማዕድን ከታርታር ጋራ የተዋሐደውን መድኃኒት በደም ሥር በመርፌ እየሰጠ ትሉን ለመግደል እንደቻለ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አስታወቀ። ከዚያ በፊት ለበሽታው ፈውስ የሚባል ነገር አልነበረም። መድኃኒቱ ግን ራሱ ብርቱ መርዝ ስለነበረ በሽተኛውን ያስታውከዋል፤ ልቡን ያውከዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ይገድለዋል። መርፌውም ለሳምንታት እየተደጋገመ የሚሰጥ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳይጨርሰው ይተው ነበር።

ሁለተኛው ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ነው። በካርቱም የዌልከም የትሮፒክ ምርመራ ላቦራቶሪዎች የሚባል ተቋም ነበር። ሄንሪ ዌልከም የተባለው የመድኃኒት ነጋዴ በሰጠው ገንዘብ በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ በጎርደን ኮሌጅ የተቋቋመ ሲሆን፣ በዓባይ ላይ እየተንሳፈፈ የሚሄድ የምርመራ ቤት እንኳ ነበረው። የዚህ ተቋም ሹም የነበረው አርቺባልድ በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሒግሊግ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ፍሬ ቢልሃርዝያን የምታስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ገለጠ። ይህ ዛፍ በኢትዮጵያ ቆላም የሚበቅለው በደኖ ነው። የሱዳን ሕዝብ ፍሬውን ላሎብ ይለዋል፤ ልጆች እንደ ከረሜላ ይመጡታል፤ በገበያም ይሸጣል። ሥሩና ልጡም በውኃ ሲታሽ አረፋ ስለሚያወጣ እንደ ሳሙና ያገለግላል። እንግዲህ ሰው የሚበላው ፍሬ ለቀንድ አውጣ መርዝ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የአርቺባልድ ጽሑፍ ከመደርደሪያ ወርዶ በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በጀዚራ ቦዮች የኋላ ኋላ የተጨመረው የመዳብ ጨውና ከውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚገዛ የፋብሪካ መድኃኒት ነው።

ከዚህ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ቈይቶ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ወደ ዐድዋ ሄዱ። በዚያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ወጣት ሊቅ ሲሆኑ፣ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፈጽመው መምጣታቸው ነበር። ወደ ዐድዋ የወሰዳቸው በወንዞቹ ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ለመመርመር ነው። በወንዙ ዳር ሲሄዱ ሴቶች በእንዶድ ሸማ ሲያጥቡ አዩ። ከሴቶቹ በላይ ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎቹ ደኅና ናቸው፤ ከሴቶቹ በታች፣ የእንዶዱ አረፋ በሚወርድበት፣ ሞተው ይንሳፈፋሉ። በወንዙ ዳር ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ሊያይ ይችል ነበር፤ ማንም ግን ስለ ቀንድ አውጣ አስቦ አላየውም። ዶክተር አክሊሉ በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው በዕቃ ውስጥ ካደረጉ በኋላ ከሴቶቹ አንዲቱን ከአረፋው እንድትጨምርላቸው ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹም ጥቂት ቈይተው ሞቱ። ምርምሩ የተጀመረው በዚህች ዕቃ ውስጥ ነው።

እንዶድ በሳይንስ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ የሚባል፣ በደጋና በወይና ደጋ አጥር ላይ እየተሳበ የሚያድግ ተክል ነው። ፍሬው ሳይበስል ተለቅሞ በፀሐይ ይደርቃል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ በውኃ ተበጥብጦ ለሸማ ማጠቢያ ይሆናል። ሳሙና ወደ አገር ሳይገባ በፊት የኢትዮጵያ ሕዝብ ነጭ ልብስ የሚነጣው በእርሱ ነበር። አረፋውን የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሊቃውንት ምርመራ ቀንድ አውጣን የሚገድለውም ይኸው መሆኑን ገልጧል። ከሳፖኒኖቹ አንዱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተነጥሎ ሲታወቅ ለዶክተር አክሊሉ ክብር «ለማቶክሲን» የሚል ስም ወጣለት።

በኋላም አንድ የሚያስደንቅ ነገር ተገኘ። ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይሉ ደካማ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ከውኃ ጋራ ሲገናኝ፣ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ ላይ የተወሰነውን የስኳር ክፍል ይቈርጠዋል፤ ያን ጊዜ ብርቱው መርዝ ይወለዳል። በአልኮል ዘፍዝፎ ለማውጣት የሞከረ ሰው ኢንዛይሙ ስለማይሠራለት ደካማ ነገር ብቻ ያገኛል። በሌላ አነጋገር እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት መውቀጥና በውኃ መበጥበጥ ተክሉ ኃይሉን የሚያወጣበት ትክክለኛው መንገድ ነበር። ይህ ነገር በላቦራቶሪ የታወቀው ከዐድዋው ቀን ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ ነው።

ይህን ያህል ከታወቀ በኋላ የቀረው ጥያቄ፣ በዕቃ ውስጥ የሆነው በአገር ላይ ይሆናልን? የሚለው ነበር። ለዚህም ዶክተር አክሊሉ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ባቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አማካይነት ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ከተማ ፈተና ተደረገ። የእንዶድ ዱቄት በተወሰነ ጊዜ በወንዞቹ ውስጥ እየተጨመረ ሕዝቡ ተመረመረ። ውጤቱን በትክክል የሚያሳዩት ሕፃናት ናቸው፤ ምክንያቱም በዕድሜ የገፋ ሰው ትሉን ከቀድሞ ጀምሮ በሰውነቱ ስለሚሸከም ወንዙ ቢጸዳም በሽተኛ ሆኖ ይቈጠራል፤ ሕፃን ግን አዲስ ነው። በሕፃናቱ ዘንድ ከመቶ 50 የነበረው የተያዡ ቍጥር በአምስቱ ዓመት ውስጥ ወደ 7 ወረደ። ለዚህም የተፈለገው ከአጥር የሚለቀም ፍሬ፣ ሙቀጫና ጥቂት ሠራተኛ ነበር። ለአንድ ሜትር ኩብ ውኃ ከ10 እስከ 30 ግራም የሚሆን ዱቄት ይበቃል። ኃይሉም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በውኃው ፈርሶ ስለሚጠፋ፣ እንደ መዳብ ጨው በምድር ላይ ተከማችቶ አይቀርም።

እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ በኋላ ለምን ወዲያው በየአገሩ አልተሠራበትም? ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁለት ፊት አለው፤ ሁለቱም በሚገባ ሊታዩ ይገባል።

አንደኛው፣ ወደ ሕዝብ ውኃ የሚጨመር ማናቸውም ነገር፣ ተክልም ቢሆን የፋብሪካ ሥራ፣ ሰውንና ከብትን የማይጐዳ መሆኑ በምርመራ መረጋገጥ አለበት። ይህ ትክክል ነው። ሁለተኛው ግን፣ በኢትዮጵያ የተደረገው ምርመራ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘንድ በቂ ሆኖ አልተቈጠረም፤ የመርዝነቱ ፈተና በውጭ አገር በታወቀ ላቦራቶሪ እንደገና እንዲሠራ ተጠየቀ፤ ለዚያም የሚያስፈልገውን ብዙ ገንዘብ የሚሰጥ በቶሎ አልተገኘም። ዶክተር አክሊሉ ይህን በግልጥ ተቃውመው ተናግረዋል፤ ጽፈዋልም። ለፋብሪካ መድኃኒት ፈተናውን የሚከፍል ባለቤት አለው፤ በአጥር ላይ ለሚበቅል ተክል ግን ባለቤት ሆኖ የሚከፍል ነጋዴ የለም። ፈተናው አለመደረጉ ደግሞ ለመከልከያ ምክንያት ሆነ። በመጨረሻ በካናዳ መንግሥት የልማት ምርምር ማዕከል እርዳታ ፈተናው ተሠርቶ ውጤቱ ሲታወቅ ከዐድዋው ቀን ሃያ ስድስት ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

በዚህ መካከል ሥራው አልቆመም። የእርሻ ሊቅ የሆኑት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍል የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው እየተከሉ፣ የፍሬውን ብዛት፣ የኃይሉን ብርታትና ተባይን መቋቋሙን ካወዳደሩ በኋላ «ዓይነት 44» የተባለውን መረጡ። ይህ ዘር በኋላ ወደ ሌሎች የአፍሪቃ አገሮችም ሄዶ ተፈትኗል፤ በወሎ በባቲም በወንዝ ላይ ተሞክሯል። ሁለቱ ሊቃውንት በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የስዊድን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

የካናዳው ፈተና ያረጋገጠው ሁለቱንም ነው። እንዶድ በቀንድ አውጣ ማጥፊያ ልክ በውኃ ሲጨመር ለሰውና ለከብት የሚያሠጋ አይደለም። ነገር ግን ዱቄቱ ዓይንን በብርቱ ያቃጥላል፤ በዚያው ልክም ዓሣን ይገድላል። እንግዲህ ዓሣ በሚጠመድበት ኩሬ ውስጥ እንዶድ መጨመር ሌላ ጕዳት ማምጣት ነው። የጣና ዳር ሰው የብርብራን ፍሬ ወቅጦ በውኃ ሲበትን ዓሣው ደንዝዞ እንደሚንሳፈፍ ስለሚያውቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በተጨማሪም እንዶድ የቀንድ አውጣዋን ዕንቍላል ስለማይገድል አንድ ጊዜ ጨምሮ መተው አይጠቅምም።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ግን እንዶድን ስለ መጠጣት ነው። በአገራችን እንዶድን ለሆድ ትል፣ ለወፍ በሽታ፣ ይልቁንም ፅንስ ለማስወረድ የሚጠጡ ሰዎች አሉ፤ በዚህም የሞቱ ሴቶች አሉ። ሳፖኒን በአፍ ሲገባ የሆድ ዕቃን ያቃጥላል፤ ያስታውካል፤ ያስቀምጣል፤ ከደም ጋራ ሲገናኝም የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። በአንድ ሜትር ኩብ ውኃ የተበተነ 30 ግራም ሌላ ነገር ነው፤ በአንድ ዋንጫ ውስጥ የተበጠበጠ እፍኝ ዱቄት ሌላ ነገር ነው። «ከአምላክ የተሰጠ ቅጠል አይጐዳም» የሚለው አነጋገር በዚህ ላይ አይሠራም። ራሱ ተክሉም አንድ ልክ የለውም፤ በበሰለውና ባልበሰለው ፍሬ፣ በአንዱና በሁለተኛው አገር ዓይነት መካከል የኃይሉ ልዩነት ብዙ ነው። ዶክተር ለገሠ ከብዙ ዓይነት አንዱን መምረጥ ያስፈለጋቸውም ለዚህ ነው።

በኮሶ ላይ የደረሰውም ይህንኑ ያስረዳል። ጥሬ ሥጋ የሚበላው ሕዝብ የኮሶን አበባ ወቅጦ በመጠጣት ትሉን ሲያሽር ኖሯል፤ መድኃኒቱም በእውነት ትሉን ያወጣል። በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሳይቀሩ ከኢትዮጵያ እያስመጡ ይሸጡት ነበር። ነገር ግን ልኩ በእፍኝና በዓይን ግምት ስለነበረ፣ ያበዛው ሰው በብርቱ ሲያስቀምጠው ይወድቃል፤ የዓይኑ ብርሃን የጠፋበትም አለ። ኮሶን ከብዙ ቤት ያስወጣው መድኃኒት ኒክሎሳማይድ የሚባለው ነው። ይኸው ኒክሎሳማይድ ደግሞ «ባይሉሳይድ» በሚባል ስም ለእንዶድ ተወዳዳሪ ሆኖ የቀረበው የቀንድ አውጣ መርዝ ነው። አንዱ የፋብሪካ ሥራ በአንድ ወገን የኮሶን፣ በሌላ ወገን የእንዶድን ቦታ ይዟል ማለት ነው። ያሸነፈውም ሁልጊዜ ብርቱ ስለሆነ አይደለም፤ አንድ እንክብል ከሌላው እንክብል ጋራ ስለሚተካከል፣ ልኩም በወረቀት ተጽፎ ስለሚገኝ ነው።

ስለ ምግብም ቢሆን ነገሩ አንድ ነው። ዶክተር አክሊሉ በዐድዋ ወንዝ ዳር በቆሙበት በዚያው በ1964 እ.ኤ.አ. የህንድ ሊቃውንት በጓያ ውስጥ ያለውን፣ እግርን የሚያሰልለውን መርዝ ለይተው አሳወቁ። በደንቢያና በፎገራ ድርቅ ወይም የሰብል መጥፋት በሆነ ጊዜ ጓያን ለወራት ብቻውን የበሉ ሰዎች፣ ይልቁንም ወጣት ወንዶች፣ በምርኵዝ የሚሄዱ ሆነው ቀርተዋል። ይህ መርዝም በውኃ የሚሟሟ ነው። ስለዚህ ጓያውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ፣ ወይም ቀቅሎ፣ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ከጤፍ ወይም ከሌላ እህል ጋራ አደባልቆ መብላትም ጕዳቱን ያቃልላል። በእንዶድ የምንፈልገው ኃይሉ ወደ ውኃው እንዲገባ ነው፤ በጓያ የምንፈልገው መርዙ ከውኃው ጋራ እንዲወጣ ነው። ውኃውን የማይደፋና ሾርባ አድርጎ የሚጠጣ ሰው ከዘፈዘፈበት ድካም ምንም አላተረፈም።

የእንዶድ ምርምር በ1990ዎቹ ወዳልታሰበ ቦታም ሄደ። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ ትንሽ ባለ ዛጐል ፍጥረት ተራብቶ የውኃ ቧንቧዎችን ይደፍን ጀመር። በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ከዶክተር አክሊሉ ጋራ ባደረገው ሙከራ እንዶድ ይህንንም እንደሚገድል ታየ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1993 እ.ኤ.አ. በዚህ አሠራር ላይ የባለቤትነት መብት አገኘ። በዚያን ጊዜ ብዙ ክርክር ተነሣ። መብቱ የተሰጠው በዛጐሉ ላይ ለተገኘው አዲስ ጥቅም ቢሆንም፣ መነሻ የሆነው የዐድዋ አጣቢዎች ዕውቀት በየትኛውም መዝገብ ዋጋ አልተጻፈለትም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ይህ አቤቱታ መሠረት የሌለው አይደለም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1997 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከእርሳቸው ዘመን በኋላ በቢልሃርዝያ ላይ የሚደረገው ዘመቻ መልኩ ተለውጧል። ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል ዋጋው እየረከሰ ስለመጣ፣ በኢትዮጵያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሔራዊ ዕቅድ ለተማሪዎች በትምህርት ቤት ይታደላል። የክሪስቶፈርሰንን መርፌ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን እንክብሉ በሰው ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ወንዙን አይነካም፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በዚያው ውኃ ሲዋኝ እንደገና ይያዛል። ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከእንክብሉ ጋራ ቀንድ አውጣንም መቈጣጠር እንዲደረግ አሳስቧል።

በካርቱም በኩል ግን ሥራው ሁሉ ተሰናክሏል። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. በተነሣው ጦርነት የከተማው ሆስፒታሎችና የምርመራ ቤቶች ብዙ ጕዳት ደረሰባቸው፤ የአገሪቱ ማዕከላዊ የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተዋጊዎች እጅ ገባ፤ የአል-ማንሺያና የጅሬፍ ነዋሪዎችም፣ በመካከላቸው ያሉት ኢትዮጵያውያን ጭምር፣ ብዙዎቹ ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። ቦይ ማጽዳት፣ ቀንድ አውጣ መቍጠር፣ ሕፃናትን መመርመር ሰላም በሌለበት የሚሠራ ነገር አይደለም።

በኢትዮጵያ ወንዞች ደግሞ የዱቄት ሳሙና ገብቶ እንዶድ ከብዙ ቦታ ቀርቷል። ሸማን ለማንጣት የሚመርጡት ግን ዛሬም ስላሉ ደረቁ ፍሬ በአንዳንድ ገበያ እየተሰፈረ ይሸጣል። የቀንድ አውጣ ሥራ በእንዶድ በሚሠራበት ቦታ የተገኘው ልምድ፣ ውኃው በሚያንስበት በበጋ ወራት ቢጨመር ጥቂት ዱቄት እንደሚበቃ፣ ከዕንቍላሉ የሚፈለፈሉት አዲሶቹ ቀንድ አውጣዎች ሳይራቡ በፊትም መደገም እንዳለበት ያሳያል። የሚወቅጠው ሰው ዓይኑንና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን፤ የተወቀጠበት ሙቀጫም ለእህል አይመለስ።